አንድም ሳይዘለል፣ አንድም ሳይደገም

«በስንት ዓይነት መንገድ ይቻላል?» የሚል የሒሳብ ጥያቄ ሲገጥመኝ ከቀመር በፊት የምፈልገው ወረቀት ነው። የሚቻለውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች በተራ አወርደዋለሁ። ብዙ ሰው ይህን የሕፃን ሥራ ያደርገዋል፤ ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን የተማረ ሰው እንዴት ተቀምጦ ይዘረዝራል ይሉኛል። እኔ ግን ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ለዝርዝር ያለኝ ክብር እየጨመረ መጥቷል። ቀመሩ ራሱ የተወለደው ከዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ያላየ ሰው ቀመሩን ቢሸመድደውም የት እንደሚያውለው አያውቅም።

እስቲ ከኪሳችን እንጀምር። 50 ብር ልትከፍሉ ነው እንበል፤ በእጃችሁ ያለው ባለ 10 ኖት፣ ባለ 5 ኖትና የ1 ብር ሳንቲም ነው፤ ሁሉም እንደ ልብ አለ። በስንት ዓይነት መንገድ መክፈል ትችላላችሁ? ይህን ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ስጡት። «አምስት ባለ አሥር!» ይላል ወዲያው። ቀጥሎ «አሥር ባለ አምስት»፣ ከዚያ «ሃምሳ ባለ አንድ»፣ ከዚያ «ሁለት ባለ አሥርና ስድስት ባለ አምስት» እያለ ወዲያና ወዲህ ይዘላል። ትንሽ ቆይቶ ያቆማል። ያቆመው ግን ስለጨረሰ ሳይሆን ስለደከመው ነው፤ መጨረስና መድከም ደግሞ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሥርዓት የሚዘረዝር ልጅ ከትልቁ ኖት ይነሣል። ባለ 10ሮቹ አምስት ከሆኑ ሒሳቡ ሞልቷል፤ 1 መንገድ። አራት ከሆኑ 10 ብር ይቀራል፤ እሱን ለመሙላት ባለ 5ቶቹ ሁለት፣ አንድ፣ ወይም ምንም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጎደለውን የ1 ብር ሳንቲም ይሞላዋል፤ 3 መንገድ። ባለ 10ሮቹ ሦስት ሲሆኑ 5 መንገድ፣ ሁለት ሲሆኑ 7፣ አንድ ሲሆን 9፣ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ 11 መንገድ ይወጣል። 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11። ልጁ እዚህ ላይ ቀና ይላል። ጎዶሎ ቁጥሮች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ድምራቸውም 36 ነው፤ ስድስት ጊዜ ስድስት። ይህን ማንም አልነገረውም፤ ራሱ በተራ ስላስቀመጣቸው ታዩት። ዘሎ ዘሎ የጻፈው ልጅ እነዚያኑ 36 መልሶች በሙሉ ቢያገኛቸው እንኳ ይህን ውበት አያየውም ነበር።

ይህ እምነቴ ክፉኛ የተፈተነው በአንድ የጥር ሰርግ ዋዜማ ነው። የምትዳረው ታናሽ እህቴ ነበረች። ቬሎውን አክስታችን ከዋሽንግተን ይዘው ሌሊት ገቡ፤ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክሯን ይዛ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ሚዜዎቹ ልብሳቸውን ሊለኩ ተሰብስበዋል። ሻንጣው መሐል ወለል ላይ ቀረበ። አዲስ ነው፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ገላ አለው፤ አፉም ላይ ከ0 እስከ 9 ቁጥር የተጻፈባቸው ሦስት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ያሉት ቁልፍ ተገጥሞለታል።

«እትዬ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች እህቴ።

አክስቴ ቦርሳቸውን በረበሩ፤ ኪሳቸውን ዳሰሱ። ቁጥሩን የሞላችው ልጃቸው ናት፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጥታቸው ነበር፤ ወረቀቱ በመንገድ ጠፍቷል። ልጅቱ ጋ ተደወለ፤ አታነሣም። እኛ ጋ ረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን እነሱ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ እሷ ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ላይ ናት፤ ስልኳን ሥራ ቦታ ይዛ አትገባም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ቆጠራን እወዳለሁ ለሚል ሰው ለማየት የሚከብድ ነው። ሁሉም በየተራ ሻንጣው ላይ ተደፋ። አንዱ የልጅቱን የልደት ዓመት ይሞክራል፤ ሌላው «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ሰባትም ስምንትም ዓመት እየቀነሰ እንደገና ይሞክራል። አንዷ ሚዜ 123 አለች፤ ከእሷ ቀጥላ የመጣችውም 123 አለች። የቤት ቁጥር ተሞከረ፤ የመኪና ታርጋ ተሞከረ። አንዱ የሞከረውን ሌላው ይደግመዋል፤ የተሞከረውንም ያልተሞከረውንም የሚያውቅ የለም። እናቴ ጓዳ ገብታ ስለቷን ታቀርባለች። በመጨረሻ አጎቴ ተነሡና «በቃ! ቢላ አምጡና በጎኑ እንሰንጥቀው» አሉ።

«አጎቴ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ቬሎ ነው» አልኩ። «ቢላው ጨርቁን ቢያገኘውስ?»

«ታዲያ እስከ ነገ ቁጥር ስንጠነቁል ልናድር ነው?»

«አንጠነቁልም፤ እንጽፋለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።»

የታላቅ እህቴ ልጅ ደብተርና እርሳስ አመጣልኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት የነገሩን ስፋት ነው። የፊተኛው ተሽከርካሪ 10 ምርጫ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሁለተኛው 10 አለው፤ ለእነዚያም ለእያንዳንዳቸው ሦስተኛው 10 አለው፤ ከ000 እስከ 999 በድምሩ 1,000። አጎቴ ሺህ የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ግን ለአንድ ቁጥር 3 ሰከንድ ብንሰጠው ሺው 50 ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ቡና እስኪፈላና ሦስተኛው እስኪጠጣ ያለው ጊዜ ነው። ስፋቱ ሲታወቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ይህ ዝርዝር የሚሰጠን የመጀመሪያው ስጦታ ነው።

ከዚያ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ይረጋጉና ከወረቀቱ ላይ ያዩትን ነገር ያስታውሱ። ምንም ይሁን ምን።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰባት አለበት የኔ ልጅ። በሰባቱ ልማልልህ እችላለሁ። ደግሞ ሦስቱም የተለያዩ ይመስሉኛል።»

ይህ ትልቅ ነገር ነው። 7 ፊት ላይ ከሆነ ለመሐለኛው ቦታ 9 ቁጥሮች ይቀራሉ፤ ለመጨረሻው ደግሞ 8፤ ዘጠኝ ጊዜ ስምንት 72። 7 መሐል ሲሆንም 72፣ መጨረሻ ሲሆንም 72። ሦስቱ ሲደመሩ 216። ከሺህ ወደ 216 ወረድን፤ 11 ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። ሥራውን ለሦስት ተከፋፈልነው፤ እኔ ከዝርዝሩ አነባለሁ፤ ሙሽራዋ ተሽከርካሪውን ታዞራለች፤ ልጁ ደብተሩ ላይ የተሞከረውን ይሰርዛል። 701፣ 702፣ 703... ወደ መሐል ላይ አንድ ሚዜ ትዕግሥቱ አልቆ ሻንጣውን ነጠቀና ሦስቱንም ተሽከርካሪ አሽከረከራቸው። ሴቶቹ ጮኹበት። ምንም አልጠፋብንም፤ ልጁ መጨረሻ የሰረዘውን ቁጥር አነበበ፤ ከሚቀጥለው ቀጠልን። ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ያ አንድ ነጠቃ የደከምንበትን ሁሉ ባዶ ያደርገው ነበር።

216ቱም አለቁ። ሻንጣው አልተከፈተም።

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ወደ ቢላቸው ተመለሱ፤ ልብስ ሰፊዋ ክሯን መጠቅለል ጀመረች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከጠዋቱ ይልቅ እርግጠኛ ነበርኩ። ዝርዝሩ ሙሉ ነው፤ አንድም አልተዘለለም፤ አንድም አልተደገመም። እንግዲህ ካልተከፈተ ዕድላችን አይደለም የጎደለው፤ ከያዝናቸው ሁለት መረጃዎች አንዱ ስሕተት ነው ማለት ነው። በዘፈቀደ የሞከረ ሰው ይህን ማለት አይችልም። ምናልባት ዘልዬው ይሆን፣ ምናልባት በደንብ ሳልገፋው ቀርቼ ይሆን እያለ ይዋልላል። የተሟላ ዝርዝር መልሱን ባይሰጥም መልሱ የት እንደሌለ በእርግጠኝነት ይናገራል።

«እትዬ፣ ሰባቱ ላይ ምለዋል» አልኳቸው። «የተለያዩ ናቸው ያሉትስ?»

«እሱማ መሰለኝ እንጂ...» አሉ።

እንግዲያው ሰባቱን ይዘን ሁለተኛውን እንልቀቅ። 7 ያለባቸው፣ ግን አንድ ቁጥር የሚደገምባቸው ስንት ናቸው? ሦስቱም 7 ከሆኑ 777፤ 1። ሁለቱ 7 ሆነው ሦስተኛው ሌላ ከሆነ፣ ሌላውን በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በየቦታው 9 ምርጫ፤ 27። አንዱ ብቻ 7 ሆኖ ሁለቱ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሌሎች ከሆኑም እንደዚሁ 27። ድምሩ 55። ሰርዘን ሰርዘን ሁለት 7 ያለባቸው መሐል ስንገባ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተከፈተ፤ እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። አክስቴ ሁለት ሰባት አይተው አንዱን ብቻ ነበር ያስታወሱት።

ቬሎው ተለክቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አጎቴ የመጀመሪያውን ስኒ ከተቀበሉ በኋላ አንድ ጥያቄ አነሡ። «ልጄ፣ እንዲሁ ብንሞክርስ ኖሮ ይከፈት አልነበር? ሁሉም ቁጥር እኩል ዕድል አለው አይደል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገርም ነው። ከ1,000 ቁጥሮች ውስጥ የተሞከረውን ሳይመዘግብ ባሻው እየዘለለ የሚሞክር ሰው፣ 1,000 ጊዜ ከሞከረ በኋላም ትክክለኛውን ያለማግኘት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው። በተራ የሚሄደው ሰው ግን በሺኛው ላይ ያለ ጥርጥር አግኝቷል። የሁለቱ ሰዎች ድካም እኩል ነው። አንደኛው እርሳስ ይዟል፤ ያ ብቻ ነው ልዩነታቸው።

216 የምትለዋ ቁጥር በዚያ ቀን ስትመጣ የድሮ ወዳጅ ያገኘሁ ያህል ነበር ደስ ያለኝ፤ በቆጠራ ታሪክ ውስጥ የታወቀች ናትና። ባለ ስድስት ፊት ዳይስ ሦስት ጊዜ ሲጣል ሊመጡ የሚችሉት ውጤቶች ስድስት ጊዜ ስድስት ጊዜ ስድስት፣ 216 ናቸው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋሊሊዮ ጋሊሊ ስለ ሦስት ዳይስ አንድ እንቆቅልሽ ቀረበለት። ድምሩ 9 የሚሆነው በስድስት ዓይነት ነው፤ 1-2-6፣ 1-3-5፣ 1-4-4፣ 2-2-5፣ 2-3-4 እና 3-3-3። ድምሩ 10 የሚሆነውም በስድስት ዓይነት ነው፤ 1-3-6፣ 1-4-5፣ 2-2-6፣ 2-3-5፣ 2-4-4 እና 3-3-4። ታዲያ ቁማርተኞች በልምዳቸው 10 ከ9 ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚመጣ ያዩት ለምንድን ነው?

ጋሊሊዮ ጥያቄውን የፈታው ዝርዝሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ በመዘርዘር ነው። 1-2-6 አንድ ነገር አይደለም፤ ሦስቱ ዳይሶች ቦታ ሲለዋወጡ 6 ነገር ነው። 1-4-4 ደግሞ 3 ነው። 3-3-3 አንድ ብቻ ነው። በዚህ መሠረት ሲቆጠር ለ9 የሚሆነው 6፣ 6፣ 3፣ 3፣ 6፣ 1፤ ድምሩ 25። ለ10 የሚሆነው 6፣ 6፣ 3፣ 6፣ 3፣ 3፤ ድምሩ 27። ከ216 ውስጥ የሁለት ልዩነት! ይህችን ቀጭን ልዩነት ቁማርተኛው በስሜቱ ደረሰባት፤ ምክንያቷን ያወጣት ግን ዝርዝሩ ነው። ከዚህም የተማርኩት ነገር አለ፤ ከመዘርዘር በፊት ምኑን እንደ አንድ እንደምንቆጥር መወሰን አለብን። የቆጠራ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚያሰናክሉት እዚያ ጋ ነው።

ዝርዝር የሕፃን ሥራ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው ሌላ ታሪክ አለ። ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1782 በታተመ ጽሑፉ ስለ 36 መኮንኖች ጠየቀ። መኮንኖቹ ከስድስት ክፍለ ጦር የመጡ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጦርም ስድስት የተለያየ ማዕረግ ያላቸው ስድስት ሰዎች አሉ። በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ ሲሰለፉ በየረድፉም በየዓምዱም ሁሉም ክፍለ ጦርና ሁሉም ማዕረግ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገኝ ማድረግ ይቻላል? ኦይለር አይቻልም ብሎ አመነ፤ ግን አላረጋገጠም። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1901 ጋስቶን ታሪ የሚባል፣ በአልጄሪያ የፈረንሳይ አስተዳደር ባልደረባ የነበረ ሰው፣ መታየት ያለባቸውን 9,408 ሁኔታዎች በ17 ወገን መድቦ በእጁ እየመረመረ አንድም እንደማይሆን አሳየ። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በወረቀትና በብዕር ነው የሠራው። ያ ዝርዝር ማረጋገጫ ሆነ።

ኦይለር ግን በ6 አላቆመም ነበር፤ ለ10፣ ለ14፣ ለ18ም እንደዚሁ አይቻልም ብሎ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ቦስ፣ ሽሪክሃንዴና ፓርከር የተባሉ ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት ለ10ም፣ ከዚያ በላይ ላሉትም እንደሚቻል አሳዩ። የታላቁ ኦይለር ግምት ወደቀ፤ የታሪ ዝርዝር ግን እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው። ግምት የቱንም ያህል ትልቅ አእምሮ ቢያፈልቀው፣ አንድ ሰው በትዕግሥት ከጻፈው ሙሉ ዝርዝር ጋር አይተካከልም።

እኛም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እንግዶች አይደለንም። ሀ ብለን የጀመርንበት ገበታ ራሱ በሥርዓት የተሠራ ዝርዝር ነው። 33 ፊደላት ከላይ ወደ ታች፣ 7 ድምፆች ከግራ ወደ ቀኝ፤ በድምሩ 231። በሠንጠረዡ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም፤ ሁለት ጊዜ የገባ ቦታም የለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በዚህ ብቻ አያቆምም። ሀሁን የዘለቀ ልጅ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ከአንዱ ፊደል ግዕዙ፣ ከሚቀጥለው ካዕቡ፣ ከዚያም ሣልሱ እየተወሰደ ፊደሉ ተራውን ለውጦ በሰያፍ ይነበባል። ያው ገበታ በሌላ ሥርዓት ተዘረዘረ ማለት ነው፤ በዜማ ብቻ የያዘው ልጅ እዚህ ላይ ይለያል።

የፊደሉ ተራ ለቆጠራም ያገለግላል። ከአምስት ሚዜዎች ሁለቱን ለአንድ ጉዳይ መላክ ቢያስፈልግ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸውና አንድ ደንብ እናውጣ፤ ሁልጊዜ በፊደል ተራ የሚቀድመው ቀድሞ ይጻፍ። ሀለ፣ ሀሐ፣ ሀመ፣ ሀሠ፤ ለሐ፣ ለመ፣ ለሠ፤ ሐመ፣ ሐሠ፤ መሠ። 4፣ 3፣ 2፣ 1፤ ድምሩ 10። በዚህ ደንብ ለሀ ብሎ መጻፍ ስለማይቻል ድግግሞሽ በሩ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የቤተ ክርስቲያናችን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። ሊቃውንቱ ዘመኑን በአራቱ ወንጌላውያን ከፈሉት፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። መስከረም 1 ደግሞ ከሰባቱ ዕለታት በአንዱ ይውላል። አራት ጊዜ ሰባት 28 ነው፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚዞሩበት የጨረቃው ዐውድ ደግሞ 19 ዓመት ነው። 28ንና 19ኝን ከ1 በቀር አብሮ የሚያካፍላቸው ቁጥር የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲዞሩ እያንዳንዱ የፀሐይ ዓመት ከእያንዳንዱ የጨረቃ ዓመት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል፤ ሁሉም ተገናኝተው እስኪያልቁም 532 ዓመት ይፈጃል። አንድም ጥምረት ሳይዘለል፣ አንድም ሳይደገም! ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ብቻ የሚመላለሱትም ከዚህ ሥርዓት የተነሣ ነው። በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠውን ይህን ስሌት በቃላቸው የሚያወርዱ ሊቃውንት ዛሬም አሉን። ልጆቻችን የቆጠራን ሒሳብ የሌላ አገር ዕውቀት አድርገው ሲፈሩት የማዝነው ለዚህ ነው።

ዝርዝር ወሰን እንዳለው አውቃለሁ። በዚያው ሰርግ ፎቶ አንሺው አሥር ሚዜዎችን በመስመር ሲያቆም አንዷ «ሁሉንም ዓይነት አሰላለፍ አንሣን» አለችው። 10 ሰው በ3,628,800 ዓይነት ይሰለፋል፤ ለአንዱ አሰላለፍ 10 ሰከንድ ቢሰጥ ሌት ተቀን ሳያቋርጡ 420 ቀን ይፈጃል። ይህ አይዘረዘርም። ግን የሦስት ሰዎች አሰላለፍ ይዘረዘራል፤ 6 ነው። አራተኛ ሰው ሲጨመር አራቱም ተራ በተራ ፊት ይቆማሉ፤ ከእያንዳንዱ ኋላ ያው 6 ይመጣል፤ 24። አምስተኛ ሲመጣ አምስት ጊዜ 24፣ 120። ትንሹን በሥርዓት የዘረዘረ ልጅ ትልቁ እንዴት እንደሚያድግ በዓይኑ ስላየ ቀመሩን ራሱ ይጽፈዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ቀድመን እንጽፍና ልጁን «ይህ ፐርሙቴሽን ነው ኮምቢኔሽን?» እያልን እናስጨንቀዋለን። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዝርዝሩ የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች ላይ ነው፤ ሀለና ለሀ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው ወይስ አንዳቸው ይበቃል?

ስለዚህ መምህራንንና ወላጆችን የምለምነው ነገር አለ። ልጁ ዝርዝር ሲያወጣ አትቸኩሉበት፤ በፈተና ወረቀቱም ላይ በሥርዓት ለወረደ ዝርዝር ነጥብ ስጡት። «36» ብሎ ሲመጣ ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል ከማለታችሁ በፊት «ሌላ አለመቅረቱን በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከትልቁ ጀምሬ አንድ በአንድ ዝቅ እያልኩ ነው የመጣሁት ካላችሁ፣ ይህ ልጅ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሒሳብ ማለትም ይኸው ነው።